ከታች የተቆረጠው

ጥቅምት 9

ውድ እህቴ ሚጢዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ ከመድከሙ በቀር ምንም አልሆነች፤ ጆሮዋማ የእኔንም የአንቺንም ያስንቃል። ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ስፌት ቤቴ ያሉት ልጆችም ሰላም ይሉሻል፤ የሰፉልሽን ቀሚስ ለብሰሽ ፎቶ ካልላክሽ ሌላ አንሰፋላትም ብለው ዝተዋል።

"ምነው ጠፋሽ? ስልክሽንስ ምን በላው?" ላልሽው ይቅርታ። ስልኩን ምንም አልበላውም። ግን ቤት ውስጥ ባነሳሁት ቁጥር አጠገቤ ሰው አለ፣ እንደ ድሮው አፌን ሞልቼ ማውራት አልቻልኩም። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁንልን። በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ላኪው። እሱ እንኳን የሰው ደብዳቤ የመንገድ ምልክትም ማንበብ አይወድም።

የላክሽው የመሥሪያ ቤትሽ ጋዜጣ ደርሶኛል። ጠርዙ ላይ "የከተማችሁ ፋብሪካ ጋዜጣ ላይ ወጣላችሁ!" ብለሽ የጻፍሽውን ሳይ፣ ምን እንደላክሽልኝ አለማወቅሽ ገባኝ። እስቲ የጥጥ መጋዘኑን ቃጠሎ ዜና እንደገና አንብቢው። "በዕለቱ ተረኛ የነበረ የጥበቃ ሠራተኛ በቸልተኝነት ተጠርጥሮ በቁጥጥር ሥር ውሏል፤ እሳቱ ከሲጋራ ሳይነሳ እንዳልቀረ የፋብሪካው ሕዝብ ግንኙነት ገልጿል" ይላል። ያ የጥበቃ ሠራተኛ ጭምቱ ነው። የእኛው ጭምቱ፣ የሁላችን ታናሽ! ሲጋራ የያዘ ሰው ሲመጣ መንገድ የሚሻገረው ልጅ! ሁለት እጁ ተቃጥሎ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው የታሰረው። እጁ በምን እንደተቃጠለ ጋዜጣችሁ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ለእማዬ ለሥልጠና ሄዷል ብያታለሁ። ጋዜጣውን አንብቢልኝ ስትለኝ የእሱን መስመር አልፌ አነበብኩላት። "ምን ዘለልሽ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። "ትንፋሽሽ ዘሏል" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ይህቺ ሴትዮ መርማሪ መሆን ነበረባት።

ዜናውን ማን እንደጻፈው አጣርተሽ ላኪልኝ።

እህትሽ

ጥቅምት 15

እትዬ፣

እንደምን ነሽልኝ? እማዬስ? ደብዳቤሽን ከሾፌሩ ተቀብዬ የቢሮአችን ደረጃ ላይ ቆሜ ስጀምረው፣ ሳልጨርሰው ቁጭ አልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እንደ ደስታ ነገር ጠቅልዬ የላክሁት የወንድሜን መታሰር ነው። ሌላ ምን ልበልሽ፣ አንጀቴ አርሯል።

"ዋሽታችኋል ወይ?" ብለሽ በሾፌሩ አፍ ላስጠየቅሽኝ መልሱ አልዋሸንም ነው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ዜናውን ቃል በቃል መረመርኩት። ቃጠሎ ነበር፣ ዘበኛ ተይዟል፣ ሕዝብ ግንኙነቱም ያለውን ብሏል። ማንም መጥቶ "እዚህ ጋ ውሸት አለ" ብሎ ጣቱን የሚቀስርበት ቦታ የለም።

እኔ ግን ስንት ዓመት እዚህ ቤት ተቀምጫለሁ። ዜና ሳነብ የተናገረውን ሰው ትቼ መናገር ሲገባው የሌለውን እፈልጋለሁ። አሁን አብረሽኝ ተመልከቺ። የሚናገረው ማነው? ሕዝብ ግንኙነቱ፣ እሱም ሁለት ጊዜ። መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ማን ነበሩ? ጥጥ መራጭ ሴቶች። ከእነሱ መካከል አንዷ እንኳ አፏን አልከፈተችም። "ሠራተኞቹ በሰላም ወጥተዋል" ይላል። ማን አወጣቸው? በየት በኩል? ይሄ ሁሉ ዜና ሲነበብ በር የሚባል ነገር የለበትም። በር የሌለው መጋዘን ታውቂያለሽ?

ጸሐፊው ሻርፕ ከአንገቱ የማይለየው ሪፖርተራችን ነው፣ አናግረዋለሁ። ግን ከእሱ በፊት ሌላ ሰው አለን። ጋሼ ምን ይላል? የመጋዘኑ ኃላፊ እኮ ባልሽ ነው። ከሕዝብ ግንኙነቱ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ቀርቦ ሁለት ቃል ቢመሰክርለት ጭምቱ ነገውኑ ይወጣል። ጠይቂውና ጻፊልኝ።

ሚጢሽ

ጥቅምት 23

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ሰላም ትልሻለች፣ ጎረቤቶች ሰላም ይሉሻል፣ የስፌት ቤት ልጆች ሰላም ይሉሻል። የቤት አከራይሽ ደህና ናቸው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ?

ጉድ ነው ያስተማርሽኝ። አሁንማ ጋዜጣ በእጄ ሲገባ እንደ ሱሪ ገልብጬ ገበሩን ነው የማየው። "አዲሱ መንገድ ሕዝቡን አስደስቷል" ይላል፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የሉም። "ተማሪዎች ተሸለሙ" ይላል፤ አስተማሪዎቹ የት ሄዱ? እማዬ ደግሞ ከጎኔ ሆና "ጠይቂ፣ ጠይቂ" ትለኛለች። የአየር ጠባይ ዜናውን ሳይቀር ተጠራጥረነዋል።

የጥጥ መራጮቹን ቤት ለቤት ዞሬ አገኘኋቸው። በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው ነበር። ሁሌም ይቆለፍባቸዋል፣ ጥጥ ደብቀው እንዳይወጡ ተብሎ። ጢሱ ሲመጣ ሲጮሁ የሰማቸው ጭምቱ ነው። ፌሮ ብረት ይዞ መጥቶ ጓጉንቸሩን ገነጠለው። የጋለውን የበሩን ብረት በባዶ እጁ ነው የጎተተው። አንዷ ጢስ አፍኗት ሆስፒታል ናት፣ እስካሁን አልተናገረችም። የቀሩት ግን ይህንን ሁሉ ለሪፖርተሩ ነግረነዋል ብለው ምለውልኛል። "ጻፈው፣ አይተነዋል ሲጽፍ" ይላሉ። ታዲያ የጻፈው የት ገባ? ማን በላው? የእኔን ወንድም ከዚያ ወረቀት ላይ ማን እንዳጠፋው ስሙን እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን ወደ ቤት አትላኪ፣ ወደ ስፌት ቤቱ ይሁን። ያለፈው ፖስታ ሲደርሰኝ ሙጫው እርጥብ ነበር።

እህትሽ

ኅዳር 1

እትዬ፣

እንደምን አለሽ? አከራዬ ደህና ናቸው፣ ጉንፋኑም ለቆኛል። ለሁለቱም መልሼልሻለሁ፣ አንቺ ግን የእኔን አንዱን ጥያቄ ረስተሽዋል። ምናልባት ቸኩለሽ ይሆናል።

ሪፖርተሩን ሻይ ጋብዤ አወጣሁት። "ጽፌዋለሁ" አለኝ፣ ደብተሩንም አሳየኝ። እውነቱን ነው። በሩ መቆለፉን፣ ዘበኛው ገንጥሎ ማውጣቱን፣ ሁሉንም ጽፏል። "የት ላይ አደረግከው?" አልኩት። "መጨረሻው አንቀጽ ላይ" አለና ሻርፑን አስተካከለ።

ይሄን የእኛን ቤት አሠራር ላስረዳሽ። ዜና ሲጻፍ ዋናው ነገር ከላይ ይሆናል፣ ወደ ታች ሲወርድ እየቀለለ ይሄዳል። ማስታወቂያ ድንገት መጥቶ ቦታ ሲጠብ፣ ገጹን የሚያቀናብር ሰው ከታች ይቆርጣል። አያነብም። ሜትር እንደያዘ ሰው ለክቶ ይቆርጣል። ይህንን እዚህ ቤት የማያውቅ የለም፣ የበራችን ጥበቃ እንኳ ያውቃል። ስለዚህ አንድን ነገር ጽፎ እንዳይወጣ የሚፈልግ ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ገባሽ? እሱ ጽፏል፣ እጁ ንጹሕ ነው። አዘጋጁ አልሰረዘም፣ እጁ ንጹሕ ነው። ማስታወቂያ ክፍሉ ማስታወቂያ ተቀበለ፣ ሥራው ነው።

የዚያን ቀን የመጣው ማስታወቂያ የማን እንደነበር ልንገርሽ? ግማሽ ገጽ፣ በቀለም። "ውድ ደንበኞቻችን፣ ምርታችን ለአንድ ቀንም አልተቋረጠም" የሚል፣ የእናንተው የፈትል ፋብሪካ። ጋዜጣው እጅሽ ላይ ነው፣ ዜናው ሥር ተመልከቺ። ሴቶቹ የተናገሩበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው።

ትናንት ስልክሽ ላይ ደወልኩ። ጋሼ አነሳው። "ሥራ ላይ ናት" ብሎ ዘጋብኝ፣ እንዴት ነሽ ሳይለኝ። ምን ሆኗል?

ሚጢ

ኅዳር 6

ሚጢ፣

ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት።

ደብዳቤሽን እንዳስተማርሽኝ አድርጌ አነበብኩት። ሻርፑን ነግረሽኛል። አዘጋጁን፣ ማስታወቂያ ክፍሉን፣ የቀለሙን ዓይነት ሳይቀር ነግረሽኛል። "ገጹን የሚያቀናብር ሰው ይቆርጣል" ብለሽ ደግሞ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን አለፍሻት። ገጽ አቀናባሪነት የማን ሥራ ነው፣ ሚጢ? ሦስት ነን ብለሽኝ ነበር። ከሦስቱ የትኛዋ ነበረች ያን ቀን ወንበሩ ላይ? ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ስሙን እስከ አያቱ ትጽፊልኝ ነበር፣ እኔ አንቺን አላውቅሽም?

ሆስፒታል የነበረችው ሴት አርፋለች። ጋዜጣችሁ ላይ ፈለግኩት፣ የለም። አሁን የጭምቱ ክስ ሰው እንዲሞት ምክንያት መሆን ሆኗል። በያዝነው ወር መጨረሻ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከተፈረደበት ስንት ዓመት እንደሆነ አልጽፍልሽም። ዘበኛው ቁልፉን ተረክቦ ነበር፣ እያወቀ አልከፈተም እያሉ ነው።

ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ፋሻው ቆሽሿል። "ቁልፉ ማን ጋ ነበር?" አልኩት። "አላውቅም" አለኝ። በር ላይ ቆሞ የገባና የወጣውን ሁሉ የሚያይ ልጅ አያውቅም! ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "እትዬ፣ ቤትሽ ደህና ነው?" አለኝ።

እህትሽ

ኅዳር 11

እትዬ፣

እኔ ነኝ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው ሲመጣ ከዚያ ዜና ሰባት መስመር ይቀነስ አሉኝ፣ ቀነስኩ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በኋላ ዋናውን ጽሑፍ አውጥቼ የቆረጥኩትን ሳነብ እዚያው ነበርኩ፣ ሰዎች መጥተው ትከሻዬን እስኪነኩኝ። ልጽፍልሽ ብዬ ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ። ብትጠዪኝ አልፈርድብሽም። ግን ጥርጣሬሽን በእኔ ላይ አትጨርሺው፣ ቀሪም አለ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። እማዬ ሰላም ትለኛለች። ጎረቤቶች ሰላም ይሉኛል። ስለ ጉንፋኔና ስለ አከራዬ ጠይቀሽኛል። ድሮ "ጋሼሽ ሰላም ይልሻል" ሳትዪ ደብዳቤ ዘግተሽ አታውቂም፤ ከቃጠሎው ወዲህ አንድም ጊዜ የለም። ጠየቅኩሽ፣ ዝም። ደግሜ ጠየቅኩሽ፣ ዝም። ስልክ ስታነሺ አጠገብሽ የማይጠፋው ሰው ማነው? ደብዳቤ ወደ ቤት አትላኪ ያልሽኝ ከማን ሸሽተሽ ነው? ፖስታውን የከፈተው ሾፌሩ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የተቆለፈ በር ቁልፍ አለው፣ እትዬ። ቁልፍ ደግሞ የሚይዘው ሰው አለው። አንቺ ጋዜጣችንን ሰባት መስመር አጎደላችሁ ብለሽ ተቆጥተሻል፣ ተገቢ ነው። አንቺ ያጎደልሽው አንድ ሰው ነው።

ዋና አዘጋጁን አናግሬያለሁ። "ቁልፉ ማን ጋ እንደነበር ያየ፣ በራሱ ስም የሚናገር ሰው ካለ እናወጣለን" ብሏል። ገጹን የማቀናብረው እኔ ነኝ። ግን ለጋዜጣ ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ። የምጠይቅሽ ለጭምቱ ነው።

ሚጢ

ኅዳር 14

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ደህና ናት። ጎረቤቶች ደህና ናቸው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ስፌት መኪናዬ ደህና ናት።

ጋሼሽ ሰላም ይልሻል። ይኸው፣ አስገባሁት። ደስ ይበልሽ።

አንቺ ትዳር የለሽም። ከአንድ ሰው ጋር ዕድሜሽን ስትበይ ምን እንደሚሆን አታውቂም። በጋዜጣ ሥራ ላይ የተማርሽውን በእኔ ቤት ላይ አትለማመጂብኝ።

እህትሽ

ኅዳር 16

እትዬ፣

የጋሼ ሰላምታ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ በይልኝ። እሳቱ የተነሳው በምሳ ሰዓት ነው። ያን ቀን ምሳውን የት እንደበላ ጠይቂልኝ።

ሚጢ

ኅዳር 19

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር።

የጥጥ መጋዘኑ ሲቃጠል የመጋዘኑ ቁልፍ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ስፌት መኪናዬ ላይ፣ ከመቀሴ ጎን ተቀምጦ ነበር። ያመጣው የመጋዘኑ ኃላፊ የሆነው ባለቤቴ ነው። ሴቶቹን ከውጭ ቆልፎባቸው ነው የመጣው። ወንድሜ ያን ቁልፍ ተረክቦ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ለመርማሪው ነግሬ ፈርሜያለሁ። በሙሉ ስሜ አውጪው።

ሰላም ሳልልሽ ስለጀመርኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዋናው ነገር ከላይ ይሁን ብዬ ነው።

ዝርዝሩ እንዲህ ነው። የዚያ ቁልፍ ዘለላ ከባድ ነው፣ የሱሪውን ኪስ ይበሳዋል። ከተጋባን ጀምሮ የቀኝ ኪሱን ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ገበሩን ደርቤ። ያን ቀን ኪሱ ጨርሶ ተቀደደና ቁልፉ መንገድ ላይ ወደቀበት፤ አንስቶ በእጁ ያዘው። በምሳ ሰዓት ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። ልጆቹ ለምሳ ወጥተው ነበር። ሱሪውን አውልቆ ሰጠኝ፣ የደንበኛ ሽርጥ አገልድሞ ምሳውን በላና ከጓዳ ጋደም አለ። እኔ መኪናው ላይ የጀመርኩት የሙሽራ ቀሚስ ነበር፣ እሱን ልጨርስ ብዬ ሱሪውን አቆየሁት። ኪሱ የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ደክሞታል ብዬ አልቀሰቀስኩትም። ሴቶቹ እየጮሁ ነበር፣ እኔ ቁልፋቸውን ገፋ አድርጌ ዳንቴል እሰፋለሁ። ጢሱን ያየሁት በመስኮት ነው። ኪሱ ሳይሰፋ ሱሪውን ለብሶ፣ ቁልፉን ይዞ ሮጠ።

ማታ ሲመጣ "ቢጠይቁሽ ቁልፉን ለጭምቱ ሰጥቶት ነበር በዪ" አለኝ። እሺም እንቢም አላልኩትም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ካልተናገርኩ አልዋሸሁም ብዬ ነበር፣ ልክ እንደ ባለ ሻርፑ። የሟቿን ልጅ ግን ትናንት አየኋት። የሐዘን ልብስ ልታሰፋ እኔው ጋ መጣች። ትከሻዋን ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ቁጥሩን ግን አልያዝኩትም፤ "ምነው አመመዎት?" አለችኝ።

ባለቤቴ ልብሱን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሄዷል። ነገ ይጠሩታል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። እወደዋለሁ። ይህንንም ጻፊው፣ አትዝለዪው።

ከመርማሪው ስወጣ ጭምቱን አየሁት። "ለምን ተናገርሽ?" ብሎ ተቆጣኝ። ከተወለደ ጀምሮ ሲቆጣኝ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ለእማዬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ይህንን ደብዳቤም ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። አንዴም አላቋረጠችኝም።

ቦታ ካነሰሽ ከታች ቁረጪ። ከዚህ በታች ያለው ሰላምታ ብቻ ነው።

ውድ እህቴ ሚጢዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? በአንቺ ላይ የነበረኝ ቂም አልፏል። እማዬ ሰላም ትልሻለች። ጎረቤቶች ባሏን ከሰሰች ብለው ሰላም ማለት ትተዋል፣ ጋዜጣው ላይ ሲያነቡት ይመለሱ ይሆናል። ጭምቱም ሰላም ይልሻል፤ እጁ ስላልዳነ ራሱ መጻፍ አልቻለም።